ሙቀቱን ወዴት እንውሰደው? በመተማ ቆላ ኮምፒውተርን በውኃ ማቀዝቀዝ

ሚያዝያ ላይ መተማ ዮሐንስ የሚሠራ ሰው ቀኑን ለሁለት ይከፍላል። ማለዳ ይሠራል፣ ቀትሩን ጥላ ፈልጎ ያሳልፋል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደገና ይነሣል። የመተማ ወረዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ550 እስከ 1,608 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ቆላ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት እስከ 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ ሙቀት መግቢያ፣ በመጋቢት ነበር። ከተማዋም ስማቸውን ይዛ ቀርታለች።

ኮምፒውተር ግን ቀትሩን ጥላ ሥር አያሳልፍም። በተለይ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ኮምፒውተር። ጾሙ ሲፈታ ሰርጉ ይደራል፣ ሰርግ በተደገሰ ቁጥር ቀረጻ አለ፣ ቀረጻው ደግሞ ተቆርጦና ቀለሙ ተስተካክሎ ለሙሽሮቹ ቤተሰብ መድረስ አለበት። ስለዚህ ማሽኑ በዓመት ውስጥ ከባዱን ሥራ የሚሠራው አየሩ እሳት በሚሆንበት ወር ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ወጣት ቤት ገብቼ ያየሁት ብዙ ሰው ቤት ያለውን ነው። የኬዙ የጎን ክዳን ወልቆ ግድግዳ ተደግፏል፣ የጠረጴዛ ቬንትሌተር ፊቱን ወደ ማዘርቦርዱ አዙሮ ይነፍሳል። ግራፊክስ ካርዱ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሬንደሩም፣ ማለትም የተቀናበረው ቪዲዮ ተሠርቶ የሚወጣበት ሥራ፣ ይጎተታል። ልጁ ነገሩን በውኃ ሊገላገለው ቆርጧል። ዕቃውን የሚገጥምለት ደግሞ ከጎንደር የወረደ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ባለሙያ ነው።

«ጋሼ፣ በውኃ ካደረግነው እኮ አይሞቅም፣ አይደል?»

ባለሙያው ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ «ውኃው ራሱ የት ሄዶ ሊበርድ ነው ልጄ?» አለው።

ጉዳዩ ሁሉ ይህ ጥያቄ ነው። ለጥያቄው ቁጥር ሳይሰጥ ኬዝ ውስጥ ውኃ የሚያስገባ ሰው ገንዘቡን ያባክናል ብዬ አምናለሁ።

ውኃ ቅዝቃዜ አያመነጭም፤ ሥራው መሸከም ነው። አንድ ሊትር ውኃ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ከፍ እንዲል 4.18 ኪሎጁል ይፈልጋል። ይህ አንድ ሊትር አየር ከሚፈልገው ከ3,000 እጥፍ ይበልጣል። በጣት ውፍረት ቱቦ የሚሄድ ውኃ፣ አየር ቢሆን ትልቅ ቬንትሌተር ሊያንቀሳቅሰው የሚቸገረውን ሙቀት ሳይጨነቅ ይወስዳል። ፓምፑ ከሪዘርቯር (ከውኃ ማጠራቀሚያው) ይስባል፣ ውኃው በፕሮሰሰሩና በግራፊክስ ካርዱ ላይ በተጫኑት የመዳብ ብሎኮች ውስጥ አልፎ ሙቀቱን ይቀበላል፣ ወደ ራዲያተር ይሄዳል፣ እዚያ ፋኖቹ የክፍሉን አየር በራዲያተሩ ክንፎች መካከል እየነፉ ሙቀቱን ይነጥቁታል። ከዚያ ተመልሶ ወደ ሪዘርቯር።

የቆላ ሰው የሚጠጣውን ውኃ የሚያበርድበት የሸክላ ማሰሮ ሌላ ሕግ አለው። ውኃው በሸክላው ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ያልባል፣ ላቡም ይተናል። የሚተነው እያንዳንዱ ግራም 2,400 ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ማሰሮው ከክፍሉ አየር በታች የሚቀዘቅዘው በዚህ ነው። የኮምፒውተሩ ውኃ ግን ዝግ መስመር ውስጥ ነው፤ አይተንም። ስለዚህ ፋኑ ከሚነፋው አየር በታች ሊወርድ አይችልም። ክፍሉ 41 ዲግሪ ከሆነ የመስመሩ ውኃ የግድ ከ41 በላይ ነው። ምን ያህል በላይ እንደሚሆን የሚወስነው የራዲያተሩ ስፋትና የሚገባው አየር ነው።

የልጁን ዓይነት ማሽን እንውሰድ። አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ እስከ 320 ዋት፣ ራይዘን 7 5800ኤክስ ፕሮሰሰር እስከ 142 ዋት ይወስዳሉ። ሁለቱ ሲደመሩ 462 ዋት። ይህ ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ነው። በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፦ ፋኑ ጆሮ በማይበሳ ፍጥነት ሲዞር፣ በአንድ 120 ሚ.ሜ. ፋን ልክ የተቆረጠ ራዲያተር፣ ውኃው ከአየሩ በ10 ዲግሪ ሲበልጥ፣ 100 ዋት ያህል ያስወጣል። መካከለኛ ኬዝ ውስጥ ፊት ለፊት ባለ 3 ፋን፣ ከላይ ባለ 2 ፋን ራዲያተር ብንገጥም አምስት ፋን ይሆናል። 462 ዋት ለአምስት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 92 ዋት ይደርሳል፤ ውኃው ከክፍሉ በ9 ወይም በ10 ዲግሪ ይሞቃል ማለት ነው።

24 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውኃው 34 ይሆናል። የመግጠሚያ መመሪያዎች የተጻፉት ለዚህ ክፍል ነው፤ ሁሉም ነገር ያማረ ይመስላል። 41 ዲግሪ በሆነ ክፍል ግን ያው መስመር 51 ላይ ይቀመጣል። ግራፊክስ ካርዱ ብሎኩ ሰፊ ገጽ ስለሚነካ ከውኃው በ15 ወይም በ20 ዲግሪ ቢበልጥ ነው፤ 70 ገደማ ለእሱ ምቹ ነው። ፕሮሰሰሩ ነው የሚያስጨንቀው። የ5800ኤክስ ሙቀት የሚመነጨው ከ80 ካሬ ሚሊ ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቁራጭ ሲሊኮን ላይ ስለሆነ ከውኃው በ35 ዲግሪ ቢበልጥ አያስገርምም። 51 ሲደመር 35፣ 86 ይሆናል። ገደቡ 90 ነው። ከዚህ የተረፈው 4 ዲግሪ ብቻ ነው።

አብዛኛው የቤት ኤሌክትሮኒክስ የተሠራው ለሌላ ክፍል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አፕል አይፎንን ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ ተጠቀሙበት ይላል። ትልልቁም መሣሪያ የሙቀት ወሰን አለው። ከጎንደር በሸኸዲ በኩል ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ኃይል የሚወስደው የ230 ኪሎቮልት መስመር በዚሁ ቆላ ያልፋል። እንደዚህ ባለ መስመር ላይ የሚቆሙ ትራንስፎርመሮች ውስጣቸው ዘይት፣ ጎናቸው ራዲያተር ነው፤ ከኮምፒውተሩ መስመር ጋር በአሠራር አንድ ናቸው። ለትራንስፎርመር ዓለም አቀፉ መለኪያ የሚያስቀምጠው ከፍተኛ የአካባቢ አየር 40 ዲግሪ ነው። ከዚያ በላይ የሚሞቅ ቦታ ሲሆን ገዥው አስቀድሞ ማሳወቅ፣ አምራቹም ወይ ራዲያተሩን ማስፋት ወይ የሚሸከመውን ጭነት መቀነስ አለበት። መሐንዲሶች ለትራንስፎርመር የሚያደርጉትን ይህን ጥንቃቄ ለኮምፒውተር የሚያደርግልን ሰው የለም፤ ራሳችን ማድረግ አለብን።

ስሌቱ አንድ ያልጠበቅሁትን ደግሞ አወጣ። ጎንደር 2,133 ሜትር ላይ ናት። 22 ዲግሪ ሲሆን አንድ ሜትር ኩብ አየሯ 0.92 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው መተማ ዮሐንስ በ42 ዲግሪ ሙቀት እንኳ የአየሯ ክብደት 1.03 ኪሎ ግራም ነው። ያው ፋን በያው ፍጥነት ሲዞር ቆላ ላይ ከደጋው የበለጠ አየር በክብደት ይገፋል። ስለዚህ ጎንደር ላይ ተገጥሞ የተሞከረ ኮምፒውተር መተማ ላይ በፋን ረገድ አይጎዳም። የሚጎዳው በሚገባው አየር ሙቀት ብቻ ነው። ይህን ማወቅ ገንዘብ የት እንደሚወጣ ይለውጣል፦ ጠንካራ ፋን ከመግዛት የራዲያተር ስፋት መጨመርና የሚገባውን አየር ማቀዝቀዝ ይሻላል።

አሁን ወደ ኬዙ እንመለስ። መካከለኛ ኬዝ ከሩቅ ሲታይ ሰፊ ነው፤ ሜትር ሲያዝ ይጠባል። ራዲያተሩ 30 ሚ.ሜ.፣ ፋኑ 25 ሚ.ሜ. ይወፍራል፤ ተደርበው 55 ሚ.ሜ. ይወስዳሉ። ለግራፊክስ ካርድ 360 ሚ.ሜ. ርዝመት የሚሰጥ ኬዝ ከፊት ራዲያተር ሲገባበት 305 ይቀረዋል። ኤንቪዲያ ራሱ ያወጣው 3080 ርዝመቱ 285 ነው። የቀረው 20 ሚ.ሜ. ቱቦ ለማጠፍ አይበቃም፤ ስለዚህ ቱቦው በካርዱ ጎን እንጂ በፊቱ እንዳያልፍ መስመሩ ከወዲሁ መሣል አለበት። ደግነቱ ካርዱ የራሱን ማቀዝቀዣ አውልቆ ብሎክ ሲለብስ ይቀጥናል፤ ከሥሩ የሚለቀቀው ቦታ ለሪዘርቯርና ለፓምፕ ይሆናል።

ባለ 3 ፋኑ ራዲያተር ታችኛው ጫፉ የፓወር ሳፕላዩ መሸፈኛ ውስጥ ይገባል። ብዙ ኬዞች እዚያ ቦታ የሃርድ ዲስክ ማስቀመጫ አላቸው፤ ብሎኑ ተፈትቶ ይወጣል። ከላይ ያለው ደግሞ ከራም ጋር ይጣላል። ራሞቹ ባለ ረጅም ጌጥ ከሆኑ ራዲያተሩ ላያቸው ላይ ያርፋል፤ አጭር ራም መግዛት ከራዲያተር ጋር ከመታገል ይረክሳል።

ብዙ ሰው የሚጨነቅበትና መጨነቅ የማያስፈልገው ነገር የመስመሩ ቅደም ተከተል ነው። ውኃው በደቂቃ 4 ሊትር ሲዞር 462 ዋት የሚያሞቀው ከ2 ዲግሪ ባነሰ ነው። መጀመሪያ ፕሮሰሰር ቢሆን ግራፊክስ ካርድ፣ ልዩነቱ እዚህ ግባ አይባልም። አጭሩንና ቱቦ የማያጣምመውን መንገድ ይምረጡ። የማይጣስ አንድ ሕግ ብቻ አለ፦ ሪዘርቯሩ ከፓምፑ በላይ ይሁን፤ ፓምፕ ደረቅ ሲዞር ይቃጠላል።

የአየሩ አቅጣጫ ግን ያስጨንቃል። የተለመደው አሠራር ከፊት አስገብቶ ከላይ ማስወጣት ነው። በዚህ አኳኋን የላይኛው ራዲያተር የሚተነፍሰው የፊተኛው ያሞቀውን አየር ነው። ክፍሉ 41 ሲሆን የኬዙ ውስጥ ወደ 46 ይጠጋል፤ 51 ዲግሪ ለሆነ ውኃ የ5 ዲግሪ ልዩነት ብቻ ይተርፈዋል፤ የዚያ ራዲያተር አቅም ግማሽ ሆነ ማለት ነው። እዚህ ቆላ ላይ ሁለቱም ራዲያተሮች ከውጭ ቢስቡ፣ የኋላው ፋን ብቻ ቢያስወጣ ይሻላል። የኬዙ ውስጥ ትንሽ ይሞቃል፤ ማዘርቦርዱ ግን ያንን ይችላል። የሚገባው ከሚወጣው ስለሚበልጥም አቧራ በየስንጥቁ አይሳብም።

ቱቦ ላይ እልኸኛ ነኝ። በምስል የምናያቸው እንደ መስታወት የጠሩ ጠንካራ ቱቦዎች አብዛኞቹ ፔትጂ ከሚባል ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ፔትጂ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፤ ፊቲንጉ (የቱቦ ማያያዣው) የያዘበት ቦታ ሟሽሾ ይለቃል። በእነዚህ መስመሮች ላይ በብዛት የሚገጠመው ዲ5 ፓምፕም የውኃው ሙቀት ገደብ 60 ዲግሪ ነው። 51 ላይ የሚውል መስመር አንድ ፋን ሲቆምበት ወይም ራዲያተሩ በአቧራ ሲደፈን 60 ለመግባት ብዙ አይቀረውም። ለቆላ ጥቁሩን ኢፒዲኤም ጎማ ቱቦ እመርጣለሁ። የመኪና ራዲያተር ማኒኮቶም የሚሠራው ከዚሁ ጎማ ነው። ሰሊጥ ጭኖ ከገንዳ ውሃ ወደ አይከል ዳገቱን የሚወጣ አይሱዙ ማኒኮቶው ከዚህ እጅግ የበለጠ ሙቀት እየቻለ ነው የሚሄደው። መስታወት መሳዩ ያምራል፤ ለማማሩ ግን ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋል።

ሲገጠም ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለሙያው ራዲያተሮቹን ከካርቶን እንዳወጣ አልገጠማቸውም። ሞቅ ያለ ንጹሕ ውኃ ሞልቶ፣ በእጁ ወዘወዘና ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠ። ጥቁር ፍንጣሪ ወረደ፤ ፋብሪካው ሲበይደው የቀረ ቅሪት ነው። ያ ቅሪት በጣም ጠባብ በሆኑት የብሎኩ ቦዮች ውስጥ ቢገባ ይደፍናቸዋል። ሳህኑ ላይ የሚወርደው እስኪጠራ ደጋገመው። ከዚያ ፊቲንጎቹን በጣቱ ብቻ አጠበቃቸው። ልጁ ፒንሳ ሲያቀብለው እጁን መለሰለት። ፊቲንጉ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ውኃ የምትይዘው በልኩ ስትጨመቅ ነው፤ በፒንሳ ከታጠበቀች ትሰነጠቃለች፣ ፊቲንጉ የሚገባበት አክሪሊክ ፕላስቲክም ይሰነጠቃል። ቱቦውን በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርጎ ቆረጠው፤ ጫፉ ከተንጋደደ ፊቲንጉ ላይ እኩል አያርፍም።

ውኃ ሲሞላ ማዘርቦርዱ መብራት አላገኘም። የፓወር ሳፕላዩን ትልቁን ሶኬት ነቅሎ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በአጭር ሽቦ አገናኘ፤ ፓምፑ ብቻ ተነሣ። በየፊቲንጉ ሥር ሶፍት አነጠፈ። ሪዘርቯሩ ውስጥ አረፋው እየተንፎለፎለ ሲወጣ ኬዙን በዝግታ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ አዘነበለው፤ በራዲያተሩ ጥግ የተደበቀ አየር የሚወጣው እንዲህ ነው። ሶፍቱ ሌሊቱን እዚያው አደረ። ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ብቻ ነው ኤሌክትሪኩ የተገጠመው። አንድ ሙሉ ቀን መታገስ የማይችል ሰው ይህን ሥራ ባይጀምረው ይሻለዋል።

ስለ ውኃው አንድ ነገር። የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውኃ ማዕድን አለበት፤ ሲሞቅ ብሎኩ ውስጥ ይጋገራል። የሚያስፈልገው የተጣራ ውኃ ነው። በየጋራዡ «የባትሪ ውኃ» ተብሎ የሚሸጠው ሊሆን ይችላል፤ አሲድ የተቀላቀለበት አለመሆኑን ግን ጽሑፉን አንብቡ። ዝገትና አልጌ የሚከላከል ፈሳሽ ይጨመርበታል። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ መስመር ውስጥ ከተገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ ርካሽ የአሉሚኒየም ራዲያተር ከመዳብ ብሎክ ጋር አትግጠሙ። በሙቀት ውኃው በጎማው በኩል ቀስ እያለ ይቀንሳል፤ የሪዘርቯሩን ልክ መከታተል ያስፈልጋል።

አቧራው ሌላው ባላጋራ ነው። ዋልካ መሬት በበጋ ይሰነጠቃል፤ የከባድ መኪና ጎማ ይፈጨዋል፤ ንፋስ ያነሣዋል። የራዲያተር ክንፎች መካከል ያለው ክፍተት ይህን ዱቄት ለመያዝ የተሠራ ይመስላል። ማጣሪያ የሌለው ኬዝ እዚህ አይገዛም። ማጣሪያውም በየሳምንቱ ካልታጠበ ራሱ ግድግዳ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም ፕሮሰሰሩን ከገደቡ የሚለየው ያ 4 ዲግሪ ብቻ ነው። እሱን የሚያሰፋው ርካሹ መንገድ ዕቃ አይጠይቅም። ግራፊክስ ካርዱን በሶፍትዌር ከ320 ወደ 240 ዋት፣ ፕሮሰሰሩን ከ142 ወደ 88 ዋት መገደብ ይቻላል። ድምሩ 328 ይሆናል፤ ውኃው ከክፍሉ የሚበልጠው በ7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ብዙ ይቀዘቅዛል። ፍጥነቱ የሚቀንሰው ኃይሉ ከቀነሰው እጅግ ባነሰ መጠን ነው፤ አንድ ሰዓት የሚወስድ ሬንደር ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ነው። እኔ ብሆን ቱቦ ከመግዛቴ በፊት ይህን አደርግ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ ክፍሉን ማቀዝቀዝ ነው። በድንበሩ ማዶ በሱዳን ቤቶች መስኮት ላይ የሚገጠመው ባለ ውኃ ማቀዝቀዣ የሚሠራው በማሰሮው ሕግ ነው፦ እርጥብ ንጣፍ ላይ ደረቅ አየር ይነፋል፣ ውኃው ይተናል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ደረቅ በሆነ የ42 ዲግሪ ቀን ወደ ክፍሉ የሚገባውን አየር ወደ 28 ወይም 30 ማውረድ ይችላል። ራዲያተሩ ያንን አየር ሲስብ ሙሉው መስመር ከአሥር ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ይህን ያህል የሚያወርድ ፋንም ራዲያተርም መካከለኛ ኬዝ ውስጥ አይገባም። ብሎኩና ቱቦው ከአየሩ ይበልጥ ስለሚሞቁ ጤዛ አይዝባቸውም። ሪዘርቯር ውስጥ በረዶ የሚጨምር ሰው ግን ጤዛውን ራሱ ጠርቶ ማዘርቦርዱ ላይ ያንጠባጥባል። በክረምት አየሩ ስለሚረጥብ ማቀዝቀዣው ይሰንፋል፤ ያን ጊዜ ግን ሙቀቱም ይወርዳል።

ዋጋው ውኃ ነው። እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ በሰዓት በርካታ ሊትር ያተናል፤ 20 ሊትር ጀሪካን ቀትሩን ላያሻግር ይችላል። በበጋ ጀሪካን ተሸክመው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። ውኃ በቧንቧ በማይመጣበት ሠፈር ለኮምፒውተር ብሎ ጀሪካን ማስቀዳት ትክክል አይመስለኝም። እዚያ ሬንደሩ ሌሊት ቢሠራ ይሻላል፤ ሌሊቱ ለማሽኑም ለሰውም ይቀላል።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። በቀን አንድ ሁለት ሰዓት ለሚያቀናብር ሰው በፋን ብቻ የሚሠራ ጥሩ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ፣ የተገደበ ኃይልና በየሳምንቱ የሚታጠብ ማጣሪያ ይበቃል። ፊቲንጉም ብሎኩም በየሱቁ የሚገኝ አይደለም፤ አንዲት የጎማ ቀለበት ብትበላሽ ምትኳ ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ በሰው እጅ እስክትመጣ ሥራው ይቆማል። ለሰዓታት ሳያቋርጥ ሬንደር የሚያደርግ፣ ማሽኑም እንጀራው የሆነ ሰው ግን የውኃ መስመር ይገባዋል፦ አምስት ፋን፣ ጥቁር ጎማ ቱቦ፣ መዳብ ከመዳብ ጋር፣ ሁለቱም ራዲያተር ከውጭ የሚስብ፣ መለዋወጫ ቀለበትና ፊቲንግ በመሳቢያ ውስጥ።

ከሁሉ በፊት ግን ቴርሞሜትር ግዙ። ሚያዝያ ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ኮምፒውተሩ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀምጡና ቁጥሩን ጻፉት። ራዲያተሩንም ቱቦውንም ኬዙንም የምትመርጡት በዚያ ቁጥር ነው።